ያዕቁብ ጊዜ አለው

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

አሰላሙ ዓለይኩም እማዬ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያ ክረምት ሲገባ የሚነሳብሽ ቁርጥማት ለቀቀሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ቁርጭምጭሚቴን ትንሽ ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ። አክስቴ መስቱራም ሰላም ብላሻለች። ይህን የሚያደርስልሽ ለእረፍት ወደ አገር የሚመጣው ይመር ነው፤ ለማንም ሳትሰጪ ራስሽ አንብቢው። በስልክ ያልነገርኩሽ ዛህራ እንዳትሰማ ነው። ይቺ የአክስቴ ልጅ በአማርኛ ሲያናግሯት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች እንጂ፣ መስማቱንስ ማንም አይቀድማትም።

ኮሌጅ ገብቶ ኳስ የሚያነጥር ልጅ አለኝ እያልሽ እንደምትስቂብኝ አውቃለሁ። ቦታዬ ፎርዋርድ ይባላል፤ ቅርጫቱ ሥር ተጋፍቶ የሳተችውን ኳስ መልቀም ነው ሥራው። ባለፈው ወር ለአንድ የአውሮፓ ቡድን ወጣት የሚፈልግ መልማይ መጣ። ሦስት ጨዋታ አየኝ፣ ቁመቴንና ክንዴን ለካ፣ ከዚያ አሰልጣኜ ቢሮ አስቀምጦ የጻፈውን አነበበልኝ።

እጁ ኳስ አያመልጠውም ይላል። ዝላዩም ጥሩ ነው። ግራ እጁን ግን ቤቱ ረስቶት የመጣ ይመስላል፤ ከሩቅ ሲወረውር የሚያስፈራው የራሱን ቡድን ነው። አሰልጣኜ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ጨዋታውን ዘግይቶ ስለጀመረ ብዙ ይጎድለዋል፣ ዛሬ ለፕሮፌሽናል አይበቃም ይላል። እዚህ ላይ ሰውየው መነጽሩን አወለቀና ፈገግ አለ። ያዕቁብ ገና ሃያ ዓመቱ ነው፣ አጥንቱ ማደጉን አልጨረሰም፣ አራት ዓመት ብንሰጠው ሌላ ሰው ይሆናል አለ። ያዕቁብ ጊዜ አለው አለ። አሰልጣኜም ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ።

እማዬ፣ ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። ሰውየው የሚሰጠኝን አራት ዓመት እኔ በልቼ ጨርሼዋለሁ። መቼ እንዳማጥሽኝ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

አክስቴ ያስጨረሰችው ቪዛ የደረሰ ቀን ትዝ ይልሻል? የታናሼ ለቀስተኛ ገና ከቤት አልወጣም ነበር። ፓስፖርቱን ከሣጥን አውጥተሽ ፎቶውን ከፊቴ አጠገብ ያዝሽው። በዚያው ፓስፖርት ሸኘሽኝ። አልወቅስሽም። አንዱ እንኳ ይትረፍልኝ ብለሽ ነው።

ከመፈረሜ በፊት ሐኪም የእጄን አንጓ ራጅ ያነሳል አሉኝ፤ ቁመቴ ገና ስንት ጣት እንደሚጨምር ለማየት። አፍ ቢዋሽ አጥንት አይዋሽም። ለአክስቴ ነገርኳት። እንዳትሄድ፣ ካወቁ እኔንም አንተንም አይምሩንም አለችኝ። ከዚያ የሰው ወርቅ አያደምቅ ብላ አልቅሳ አስለቀሰችኝ። በማግስቱ ለሰውየው ደውዬ አልፈልግም አልኩት።

አሰልጣኜ ተናደደ። ታለንትህን አባከንክ፣ እንደ ያዕቁብ ያለ ሰነፍ አይቼ አላውቅም ብሎ ልጆቹ ፊት ጮኸብኝ። ለራሴ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። ግን የሰደበው ያንን ስም ነው። ከሁላችን ቀድሞ ተነስቶ መድረሳ የሚገኘውን ልጅ ሰነፍ አስባልኩት፣ በኔ ምክንያት። ይሄ ነው የከነከነኝ።

አሁን ኮሌጁን ትቼ ኖርዝ ዮርክ አንድ ጫማ መደብር ሥራ ይዣለሁ። ከላይኛው መደርደሪያ ያለ መሰላል ስለማወርድ አለቃዬ ይወደኛል። ዝላዬ ለዚህ በቃ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። በስልክ በሱ ስም መጥራትሽ ግድ እንደሆነ ይገባኛል። ይመር ሲመለስ በምትልኪልኝ መልስ ላይ ግን አንድ ጊዜ ብቻ የኔን ስም ጻፊልኝ። አንብቤ እቀደዋለሁ። በስሜ የጠራኝ ሰው ከጠፋ አምስት ዓመት ሆነኝ።

ሰደቃ ስታወጪለት አፉ ይበለኝ በይልኝ። ጉልበትሽን አላህ ያበርታልኝ፣ እሱን ለመሳምም ያብቃኝ።

ትልቁ ልጅሽ
ከቶሮንቶ