የውሃ ተራ በጀውሃ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2003
መብራት የለም። እንደገና! ስድስት ኮምፒዩተር አቧራ ለብሶ ተቀምጧል፣ እኔ ፕሮግራሚንግ በጠመኔ አስተምራለሁ። ሉፕ ማለት አንድን ትእዛዝ መደጋገም ነው አልኳቸው። ተማሪዎቹ ሁሉ ወደ ደብተራቸው ገለበጡ። ማንም አልጠየቀም። እንዲህ ሲሆኑብኝ ደሜ ይፈላል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 12
ፈተና። ከአስር ወደ አንድ የሚቆጥር ኮድ ጻፉ አልኩ። ሩቂያ፣ ያቺ ከጀውሃ ገጠር የምትመላለሰው፣ ከአንድ ወደ አስር የሚቆጥረውን የደብተሯን ኮድ አንዲት ነጥብ ሳታጓድል ጻፈችልኝ። "ይሄ ቁርዓን ቤት አይደለም፣ በቃል አይወጣም!" አልኳት፣ ሰው ሁሉ ፊት። አንገቷን ደፋች።
ምን ነካኝ? እኔስ ዳዊት በቃሌ ይዤ አይደል ያደግሁት?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 17
ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። ግርማ፣ የጥገናው አስተማሪ፣ አባቷ "ካልገባት ትቅር፣ ሽንኩርቱን ታጠጣ" ማለታቸውን ሰምቷል። "አይ ያንተ ምላስ!" አለኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 20
ጀውሃ ሄድኩ። አባቷ ጋሽ ነጅሙዲን የውሃ አባት ናቸው፣ የመስኖውን ተራ የሚያስጠብቁ። ቦዩ ላይ ግን የቆመችው ሩቂያ ናት።
"ለአንዱ ማሳ ስንት ሰዓት ትለቂያለሽ?" አልኳት፣ ወሬ ለመጀመር።
"በሰዓት አይደለም ቲቸር። እስኪጠግብ ነው። አያለሁ፤ ካልጠገበ እለቃለሁ፣ ከጠገበ ዘግቼ ወደሚቀጥለው። ማየቱን ከረሳሁ ጎርፍ ነው።"
ወይ ጉድ! ሉፕ እኮ ነው። ከኔ አሳምራ!
አባቷ ፊት ይቅርታ ጠየቅኳት። ከበደኝ፣ ግን ጠየቅኩ። ጋሽ ነጅሙዲን "አውፍ ብላለች፣ ይቅር ብላለች። ግን አንድ ሳምንት ነው የምሰጣት። ካልሆነላት ወደ ሽንኩርቷ" አሉ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 26
መብራት አልመጣም፣ እኔም አልጠበቅኩትም። ግቢው ውስጥ አስር ትንንሽ መደብ አስቆፈርኳቸው። አንዱ ከቧንቧው ይለቃል፣ አንዱ ያያል፣ አንዱ ይቆጥራል። ሳቅ በሳቅ! ከዚያ ክፍል ገብተን ያንኑ በኮድ ጻፍኩት፣ ከአንድ እስከ አስር በሚቆጥረው በድሮው ምሳሌዬ።
ሩቂያ እጇን አወጣች። አውጥታ አታውቅም። "ቲቸር፣ ይሄ የጻፉት 'ከአስር ካነሰ ድገም' ስለሚል ዘጠኝ ላይ ይቆማል። አስረኛው ሰውዬ ውሃ አልደረሰውም።"
አየሁት። እውነቷን ነው! ሦስት ዓመት ሙሉ ሳስተምረው... ከአስተማሪዬ ደብተር ወደ ደብተሬ፣ ከደብተሬ ወደ ሰሌዳ። እኔም በቃሌ ነበር ለካ። አፈርኩ፣ ደስም አለኝ።
ለጋሽ ነጅሙዲን ደወልኩ። "ልጅዎ ዛሬ እኔን አረመችኝ" አልኳቸው።
"እንግዲያ ለሽንኩርቱ ሌላ ሰው ልፈልግ" አሉኝ።