ያልተቆጠሩት አያታችን

ለምወድህ ወንድሜ ለጋሪካይ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ? ያ የወገብህ ሕመም ተወህ ወይ? የጆሃንስበርግ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ምግብስ በወጉ ትበላለህ ወይስ አሁንም ዳቦና ሻይ ነው? እኛ ሰዎቹ ደህና ነን። ሰዎቹ ያልኩህ አውቄ ነው።

ወንድሜ፣ ይህን ቁጭ ብለህ አንብበው። አያታችን ዚንዶጋ ዐረፉ። እሳቸውማ እንደ ሰው የሞቱት አንተ ገና ጡት ሳትጥል ነው፤ ስማቸውንና መንፈሳቸውን የተሸከመልንን ጥቁሩን ኮርማ ማለቴ ነው።

ከብት በመዥገር መድኃኒት የምንነክርበት ገንዳ ካምና ክረምት ጀምሮ ደርቋል። መድኃኒቱ ይመጣል ይሉናል፣ ይመጣል ይሉናል፤ የመጣው ባለሥልጣን ነው። በሾላው ሥር ሰብስቦን «ከብት ሀብት ነው» ብሎ ኮፍያ አደለን። ጎረቤታችን ማፊዮስ መች ዝም ይላል፣ «ጌታዬ፣ ኮፍያውን ለላሜ ላድርግላት? መዥገሩ አይቶ ያፍር ይሆናል» አለው። ሳቅን። ሰውየውም አብሮን ስቆ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። ወዲያው ያ ከመዥገር የሚመጣው፣ የጥር በሽታ የሚሉት በየበረቱ ገባ። የማፊዮስ በረት ዛሬ ሣር በቅሎበታል።

የከብት ሐኪሙ ዘግይቶ በብስክሌት መጣ፤ መኪናው ነዳጅ የለውም አሉ። መርፌው ጥቂት ስለሆነ በየቤቱ እያስቆጠረ ነበር የሚወጋው። ታላቃችንን ሙሳይዋን «ስንት አሏችሁ?» ቢለው «አራት» አለ። እኔም አጠገቡ ቆሜ ራሴን ነቀነቅሁ። በእኛ ቤት አያቱን ከከብት ጋር የሚቆጥር ማን አለ? ሐኪሙ ኮርማውን ከዛፉ ሥር አይቶ «ያኛውስ?» ሲል ሙሳይዋ ኮራ ብሎ «እሳቸው ከብት አይደሉም፣ አያታችን ናቸው» አለው። ሐኪሙም «እንግዲያ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸዋ!» ብሎ እየሳቀ ሣጥኑን ዘጋ። ነገሩ የገባን መርፌው በሌላ መንደር ካለቀ በኋላ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ጆሯቸው ሥር አበጠ፣ ዓይናቸው ደመና ለበሰ። ሙሳይዋ ከተማ ድረስ ሄዶ ቢለምን «ጠብቁ» አሉት። ጠበቅን። ሥጋቸውን ማን ወደ አፉ ያስጠጋል? ቀበርናቸው። ማፊዮስ እንኳ ያን ቀን ቀልድ አጣ።

አሁን ስማቸው ማደሪያ የለውም። ጠላ ጠምቆ ከቀሩን ከአራቱ መካከል በወይፈኑ ጀርባ ላይ አፍስሶ ስሙን ማሻገር የቤቱ ሴት ልጅ ሥራ ነው፣ የእኔ። ለጠላው የነከርኩት ዳጉሳ በቅሏል። እጄ ግን እምቢ አለኝ። ወይፈኑን አገላብጬ ባየው መዥገር ጆሮው ውስጥ እንደ ባቄላ ተደርድሯል፤ ብለቅመው ብለቅመው አያልቅም። ገንዳው ካልሞላ መርፌው ብቻውን አይዘልቅም ተብለናል። ዛሬ ስሙን ሰጥቼው ነገ ቢሞትብኝ አያታችንን ስንት ጊዜ ልቅበራቸው? እባክህ ለፋሲካ ብርድ ልብስ ይዤ እመጣለሁ ያልከውን ተው፤ ያን በእጅ የሚረጨውን የመዥገር መድኃኒት ይዘህ ቶሎ ድረስልኝ።

ሌላም ነገር አለ፣ ለሰው አላወራሁትም። ከብቶቹ ከግጦሽ ሲመለሱ በረቱ አፍ ላይ ይቆማሉ። ቀድመው የሚገቡት እሳቸው ነበሩና። ሙሳይዋ ቢጮኽባቸው፣ በአለንጋ ቢላቸው ንቅንቅ የለም። አንድ ቀን ሲጨንቀኝ «አባባ፣ ይግቡ» አልኩ። ወንድሜ ሙት፣ ወይፈኑ ለሰው መንገድ እንደሚለቅ ገለል አለ። ጥቂት ቆይተው ሁሉም ተከታትለው ገቡ። ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ የምጠራቸው እኔ ነኝ።

ሙሳይዋ ሰላም ብሎሃል፤ ከቀብሩ ወዲህ «ምነው አምስት ባልኩ» እያለ ራሱን ይረግማል፣ ጻፍለትና አጽናናው። ሚስቱ ኤስናት ኦቾሎኒ ቆልታ አስቀምጣልሃለች። ልጆቹ ኳስ አምጣ ይሉሃል። ማፊዮስ «ኮፍያ አትላክ፣ አለን» ብሎሃል።

ሌላ ጊዜ እዚህ ላይ «አያታችንም ደህና ናቸው፣ ሣራቸውን ይበላሉ» ብዬ እጽፍልህ ነበር። ዛሬ ምን ልበልህ? ደግሞም መሸ፤ ከብቶቹ ደርሰው በሩ ላይ እየጠበቁኝ ነው።

እህትህ ሳሩዛይ
ቺፋምባ መንደር፣ ዚምባብዌ
የካቲት 18 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.