ስድስቱ ያልታጠቡ ሳንቲሞች

ኅዳር 28
ዛሬ ሁለት የአንገት መስቀልና አንድ የሙሽራ አልቦ። እንዶድ፣ ሎሚ፣ ለስላሳ ብሩሽ... እስከ ምሳ አለቀ። ፒያሳ ውስጥ ብር የሚያነጣ ሌላም አለ፤ እንደኔ ግን የለም። ራስን ማመስገን ነውር ነው? ደብተሩ የኔ፣ ማን ያየኛል።

ከሰዓት አያ ክንዱ ከአገራቸው ከትክል ድንጋይ መጡ። የአባቴ ወዳጅ ናቸው፣ የሰፈራቸው ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። የቅጽሩን መሠረት ሲቆፍሩ ሰባት ትንንሽ ሳንቲም አግኝተዋል። በጨርቅ ቋጥረው አመጡልኝ። ጭቃና አረንጓዴ ዝገት ብቻ...

«የጥንት ነው ይላሉ። መስቀልም ያለበት ይመስላል። ለታኅሣሥ ገብርኤል ሕዝቡ እንዲያየው አጥበሽ ስጭኝ፣ ልጄ።»

«ይሄማ ለኔ ምኔ ነው!» አልኳቸው።

ኅዳር 29
አንዱን አጠብኩ። ሎሚ ውስጥ ዘፈዘፍኩት፣ ከዚያ በብሩሽ። ጭቃው ሲለቅ ከፊቱ የንጉሥ ራስ፣ ከጀርባው መስቀል። ወይ ጉድ! ቦግ አለ። ከሳህኑ ግርጌ የጤፍ ቅንጣት የምታህል ቢጫ ነገር ታብለጨልጫለች፤ ሁለት ሦስት ትሆናለች። አሸዋ ነው ብዬ ውሃውን ደጅ ደፋሁት።

አያ ክንዱ ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት ብቅ ብለው አዩት። ሳሙት። «እጅሽ ይባረክ! ሸጋ ነው!» እሱን ይዘው ሄዱ፤ ስድስቱ እኔ ጋ ቀሩ።

ታኅሣሥ 2
ሁለተኛውን ከመዘፍዘፌ በፊት በአባቴ አጉሊ መነጽር አየሁት። የመጀመሪያውን ሳላየው ለምን ዘፈዘፍኩት? እንጃ። እንደማጥበው መስቀል ሁሉ መስሎኝ፣ እጄ ለምዶ...

ጭቃው በተላጠበት በኩል፣ በንጉሡ ራስ ዙሪያ፣ ወርቅ። የሽንኩርት ልጣጭ ያህል የሳሳ። ከሥሩ ያለው ዝጎ፣ አሁን ያረፈው ዝገቱ ላይ ነው። ዝገቱ ሲነሣ አብሮ መነሣቱ ነው።

ያ ቢጫ አሸዋ...

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ምሳ አልበላሁም።

ታኅሣሥ 3
ደጁን ተንበርክኬ ፈለግሁ። ምንም። በብሩሹ ጸጉር ውስጥ ግን አንዲት ቅንጣት ተሰክታ አገኘሁ። ብሩሹን እንዳለ በጨርቅ ጠቀለልኩት።

ታኅሣሥ 5
እስከዳርን ጠራኋት። የእህቴ ልጅ፤ ዩኒቨርሲቲ የቅርስ ጥበቃ ታስተምራለች። ገና ሳንቲሞቹን ስታይ ጮኸች።

«እትዬ፣ አንዱንም እንዳትነኪ! የአክሱም ዘመን ይመስላሉ። ጭቃውም የት እንደተቀበሩ ምስክር ነው። እንዳሉ ይመዝገቡ።»

«ለአያ ክንዱስ ምን ልበላቸው?»

«እውነቱን ነዋ።»

ለሷ ቀላል ነው።

ታኅሣሥ 8
አያ ክንዱ ደወሉ። የታጠበውን አገር ሁሉ አይቶ ጉድ ብሏል። ስድስቱስ? ባይታጠቡ ይሻላል አልኩ።

«ምነው? ገብርኤል ፊት ጭቃ ይዤ ልቅረብ? ከደከመሽ ግድ የለም፤ ባትሪ የሚሞላ ሰው በአሲድ በአንድ ሰዓት አነጣዋለሁ ብሎኛል።»

አሲድ! ክው አልኩ።

እምቢ ማለት ብቻ አይበቃም ማለት ነው። ምክንያቱን ካልነገርኳቸው ይወስዷቸዋል። ምክንያቱ ደግሞ እኔው ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁት ስም... «ይመኙሽ አበላሸች» ከተባለ ማን መስቀሉን ያምነኛል? ዝም ብልስ? ስድስቱም ያልቃሉ።

አይሆንም። ያጠፋሁት አንዱ ይበቃኛል። ነገ እሄዳለሁ።

ታኅሣሥ 9
በጠዋት ሚኒባስ ትክል ድንጋይ ገባሁ። አያ ክንዱ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰላምታውን እንደጨረስን ስድስቱን ዘርግቼ መነጽሩን ሰጠኋቸው። ወርቁን ሲያዩ አማተቡ። ከዚያ የታጠበውን ከኪሳቸው አወጡ። ገለባበጡት።

«የዚህስ ወርቅ?»

«ደፋሁት፣ አያ።»

ሳንቲሙን ከስድስቱ አጠገብ አኖሩት። አፈርኩ፤ መሬት መሬቱን አየሁ።

«እጠቢ ያልኩሽ እኔ ነኝ» አሉ።

«ሙያው የኔ ነው። ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

«እኔ ነኝ አልኩሽ!»

ጥፋት ስንሻማ ሳቅ መጣብን። ብሩሹ ላይ አንዲት ቅንጣት መቅረቷን ስነግራቸው «እሱንም አምጭው» አሉ። ለምን እንደፈለጉት አልነገሩኝም።

ታኅሣሥ 17
እስከዳር የጠራቻቸው የባህል ቢሮ ሰዎች ሰባቱንም መዘገቡ። ስድስቱን ከነጭቃቸው። ቀለል አለኝ።

ታኅሣሥ 20
ትናንት ገብርኤል ነበር። ከቅዳሴ በኋላ በነጭ ጨርቅ ላይ አኖሯቸው፤ ስድስቱ እንደተገኙ፣ ሰባተኛው ከዳር። ከሱ አጠገብ ምን ባይ ጥሩ ነው? ብሩሼ፣ ከነወርቅ ቅንጣቱ!

ሕዝቡ የሚያብረቀርቀውን ሊሳለም ተጋፋ። አያ ክንዱ በከዘራቸው መለሱት። «እሱ የተጎዳው ነው! ጤነኞቹ እነዚህ ናቸው።»

አንዲት ባልቴት ብሩሹን ሊሳለሙ ጎንበስ ሲሉ ሮጬ ያዝኳቸው።

«ይኸስ የማን ነው?»

ያ ሁሉ ሰው ያየናል። «የኔ ነው፣ እማማ» አልኩ፣ ድምፄን ሳልቀንስ። የሆነውንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው።

ስጨርስ ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ የአንገት መስቀላቸውን ፈትተው እጄ ላይ አኖሩት። ጥቁር ነው፣ የእናታቸው ነበር። «በይ አንች፣ መጀመሪያ አይተሽ እጠቢልኝ።»

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ሎሚው አልተቆረጠም። እያየሁት ነው።