ተራውን ሳይጠብቅ ከገንዳው የወጣው አባታችን

ለምወድሽ እህቴ፣

ይህን ደብዳቤ የምጀምረው በከባድ ሐዘን ነው። የአባታችን የግራ እግር ሸበጥ፣ ያ አንቺ መርጠሽ የገዛሽለት ቡናማው፣ ዛሬ ረፋዱ ላይ በድንገት ከመካከላችን ተለይቷል። እስካሁን ቢፈለግ አልተገኘም። ቀኙ በሕይወት አለ፤ ብቻውን አልጋ ሥር ተጋድሟል። ፈጣሪ ያጽናናው።

ለመሆኑ አንቺ እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ ወይስ እንደ ቤተኛ ተደላድሎ ተቀመጠ? ጭር ያለውን ቤት እንዴት ያዝሽው? እኛ ደህና ነን። «ደህና ነን» የምልሽ ለወጉ ያህል ነው፤ ፊደሎቼ ሰክረው የወጡ ቢመስሉሽ አትፍረጂባቸው።

መቼም አንቺ ነገር አይገባሽም አይባልምና፣ በእግሩ የማይራመድ ሰው ሸበጥ እንዴት ይጠፋል ብለሽ መጠየቅሽ አይቀርም። የጻፍኩልሽም ለዚሁ ነው። ስልክ ልደውል ብዬ ቁጥርሽን ካወጣሁ በኋላ ስልኩን መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ነገ ማለዳ የሚነሳው የአውቶቡስ ሹፌር ይህን በእጅሽ ሊያደርስልሽ ቃል ገብቶልኛል። መንገድ ቀያሹ ወዳጄ በመኪናው ሊወስደን ሐሙስ ይመጣል። እሱ እዚህ ደርሶ ወሬውን ከግቢው ዘበኛ ሰምቶ በደስታ እየበረረ ከደጃፍሽ ሳይቆም፣ ይህን አንብበሽ መጨረስ አለብሽ።

ከሥሩ ልጀምርልሽ። ቀያሹ በወሩ መጨረሻ ለመንገድ ሥራ ሩቅ ቦታ ይዛወራል። አንቺን አግብቶ ይዞሽ መሄድ ይፈልጋል። አንቺ ደግሞ ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ «አባባ በእግሩ ይቁምና» ትዪዋለሽ። አባታችንን ብቻውን ትተሽ መሄድ ስለማትችዪ፣ ሰውየውም ሸጋ ሰው ስለሆነ፣ እኔም ታላቅ ወንድም ሆኜ ዝም ማለት ስለማይሆንልኝ፣ የአባባን እግር ላሳክም ወደዚህ ፍል ውሃ አመጣሁት። ዕቅዴ ባለሙያ ያወጣው ይመስል ነበር፤ ውሃው ጉልበቱን ያፍታታል፣ ጉልበቱ አንቺን ይፈታል፣ እኔ ሠርግሽ ላይ ተነስቼ ንግግር አደርጋለሁ። ንግግሩንም ጽፌ ጨርሼ ነበር። ወረቀት ስላጣሁ ይህን የምጽፍልሽ በጀርባው ላይ ነው፤ ገልብጠሽ የማንበብ ግዴታ የለብሽም።

ቦታው ተራራ ሥር ነው። ውሃው ከምድር ሆድ እየፈላ ይወጣል፣ ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው። የመጣን ቀን አፍንጫችንን ይዘን ገባን፤ አሁን ለምደነው ንጹሕ አየር ሲመጣ ነው የሚከረፋን። ኮሪደሩ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ ነጭ ፎጣ በየገመዱ ተሰጥቷል፣ መስተዋቱ ሁሉ በእንፋሎት ስለተሸፈነ እዚህ ያለ ሰው መልኩን ረስቷል። «እንደምን አደርክ» የሚል የለም፤ «ጉልበትህ እንዴት አደረ?» ነው ሰላምታው። ትናንት አንዷ ሴትዮ ስሜን ሳትጠይቀኝ የትከሻዋን ታሪክ ከልጅነቷ ጀምራ አጫወተችኝ።

እግራቸው ለማይታዘዝላቸው የተለየ ገንዳ አለ። እንፋሎቱ ብረት ስለሚበላ ተሽከርካሪ ወንበርና ክራንች ደጅ ይቀራል። ሰዎቹን ተሸካሚዎች በሁለት ዘንግ ላይ በተሠራ መቀመጫ አንድ በአንድ ያወርዷቸዋል፣ አንድ በአንድም ያወጧቸዋል። ሁሉም አንገቱ ላይ ቁጥር ያንጠለጥላል፤ ከቁጥሩ ውጪ የሚገባም የሚወጣም የለም። ይህን የሚያስከብረው እኔና አባባ «ፊሽካ» ያልነው የገንዳው ኃላፊ ነው። ፊሽካው ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም። ለደንብ ያለውን ፍቅር ሩቡን ለሚስቱ ሰጥቷት ቢሆን ኖሮ ባልፈታችው ነበር ብለው ያሙታል።

ዛሬ ጧት ፎጣ ታቅፌ ገንዳው ዳር ተቀምጫለሁ። አባባ እስከ አንገቱ ተነክሮ፣ ከጎኑ ካሉት ጡረተኛ ዳኛ ጋር ሱሪ እንዴት መሰፋት እንዳለበት ይከራከራል። ስፌት የተወ ልብስ ሰፊ መቼም አፉ አያርፍም። አሁን አንድ ነገር ልብ በዪ፤ ያ የሚፈላ ውሃ ለሰው ገላ የሚሆነው በአንድ ቧንቧ ቀዝቃዛ ውሃ እየተቀላቀለበት ነው። ልብስ አጣቢዋ ደግሞ ፎጣ ልትዘፈዝፍ ብላ ቧንቧውን ለማንም ሳትናገር ወደ ራሷ በኩል ጠምዝዛዋለች።

መጀመሪያ ዳኛው «ዛሬስ ውሃው ደግ ነው» አሉ። ቀጥለው ዝም አሉ። ቀጥለው «ኧረ ደግነቱ በዛ!» አሉ።

ፊሽካ ፊሽካውን ነፋ። ተሸካሚዎቹ ዘንጋቸውን ይዘው ደረሱ። «አንድ ቁጥር!» አለ ፊሽካ። አንድ ቁጥር የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ከሚሸጡት ጆንያ ሁለቱን ያክላሉ። ተሸካሚዎቹ ሲያነሷቸው ይንሸራተታሉ፣ ሲያነሷቸው ይንሸራተታሉ። ከገንዳው ውስጥ «ኧረ ተቀቀልን በሉ!» የሚል ጩኸት ተነሳ። ፊሽካ እጁን ወደ ላይ ቀስሮ «ተራ ይጠበቅ! አንድ ቁጥር ሳይወጣ ሁለት ቁጥር የለም!» ይላል። ሁለት ቁጥር ዳኛው ናቸው። አባታችን ሦስት ቁጥር ነበር።

እህቴ፣ ቆመሽ የምታነቢ ከሆነ ተቀመጪ።

አባታችን ብድግ አለ። የገንዳውን ደረጃ እንደ ፍየል ወጣው። ነጋዴውን፣ ተሸካሚዎቹን፣ ፊሽካን አልፎ በእርጥቡ ወለል ላይ ሮጠ። መሮጥ ስል፣ ጉልበቱን ከፍ፣ ክርኑን ወደ ኋላ አድርጎ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ የማልሮጠውን ሩጫ። ፎጣውን ከእቅፌ መንጭቆ ወሰደው። ለወጉ ያህል ገንዳው ዳር የምናስቀምጥለትን ሸበጥ ሳይቆም ሊያጠልቅ ሞከረ፤ ቀኙ ገባ፣ ግራው ተፈናጥሮ ፍሳሽ መውረጃው ውስጥ ገባ። ከዚያ በሩ ጋ ደረሰ፣ በሩ የሚሳብ ሆኖ ሳለ ገፋው፣ ተሳደበ፣ ሳበው፣ ወጣ።

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ዝንብ ቢገባበት እንኳ የምተፋው አይመስለኝም ነበር። ዓይኔ ያየውን ጭንቅላቴ «የለም፣ ይህ የሌላ ሰው አባት ነው» እያለ መለሰው። ያን ሰዓት ቤተሰባችን ውስጥ መቆም ያቃተው እኔ ነበርኩ።

ዳኛው ግን ከገንዳው ውስጥ ጣታቸውን ቀስረው «ከሁለት በፊት ሦስት ወጣ! ይመዝገብልኝ!» ብለው ጮኹ። ፊሽካም ተከትሎት እየሮጠ «አባት! ይመለሱ! ቁጥርዎን ይጠብቁ!» ይላል። ወዴት ነው የሚመለሰው? ወደ ድስቱ? እነዚህ ሰዎች በወንበር የገባ ሰው በሩጫ ሲወጣ አይተው የገረማቸው የተራው መጣስ ነው።

ልብስ አጣቢዋ ጩኸቱን ሰምታ ቧንቧውን መለሰችው። ማንም አልተጎዳም፤ ሁሉም ቲማቲም መስለው ወጡ እንጂ። ወዲያው ደግሞ ግቢው ውስጥ «ውሃው አዳነው!» የሚል ወሬ ተነዛ። ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን እያሰረ መጣ። ኮሪደሩ ጫፍ ስንደርስ አባባ ወንበሩ ላይ ተመልሶ፣ ብርድ ልብስ ጉልበቱ ላይ ጥሎ፣ እንደ በሽተኛ እያቃሰተ አገኘነው።

ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ተነስተው አጠገቡ ቆመው ፎቶ ይነሱልን ብሎ ለመነው። አባባ አልችልም አለ። አሁን ሲሮጡ አልነበር ወይ ቢለው «አለቀ» አለው። ምኑ? «የውሃው ጉልበት ነዋ።» ሥራ አስኪያጁም ኮስተር ብሎ «ለምን ያህል ጊዜ ይቆያል ማለት ነው?» ሲል ጠየቀው። ነገር ግን ዘበኛው በስልኩ ቀድሞ አንስቶት ኖሯል። ፎቶው ታትሞ የግቢው በር ላይ ተለጥፏል። የተነሳው ከኋላ ነው፣ ፎጣውም ሥራውን በሚገባ አልሠራም፤ ስለ ክብራችን ከዚህ በላይ ባልናገር እመርጣለሁ።

ክፍላችን ገብተን በሩን ዘጋሁ። ከመቼ ጀምሮ ነው ብዬ ጠየቅኩት። «የትኛው እግር?» አለኝ። እኔ በንዴት ስንተከተክ ጊዜ አንገቱን ደፍቶ «ካቻምና» አለ። ከመሰላል የወደቀ ጊዜ ስብራቱ እውነት ነበር፤ ሐኪሙ አጥንቱ ገጥሟል፣ ይለማመድ ያለውም እውነት ነበር።

ጎረቤት እንዳይሰማ በሹክሹክታ ጮኽኩበት። ልጅቷ ወጣትነቷን ወንበር ስትገፋ ጨረሰች አልኩት። ወገቧ ያንተን ገላ ስታነሳ ተቀጨ አልኩት። ሰውየው በር ላይ ቆሞ ሸበተ አልኩት። በሕይወቴ እንዲህ አምሮልኝ ተናግሬ አላውቅም። እሱ ሁሉንም ሰማኝ፤ ሲያልቅልኝ ፎጣውን ጭኑ ላይ አጣጥፎ የነገረኝን እንዳለ ልጻፍልሽ።

«ካቻምና አንድ ቀን ልነግራት ወስኜ ተነሳሁ» አለኝ። «ከመስኮቱ ጋ ቆሜ ሳለሁ በሩን ከፍታ ገባች። አየችኝ። አየኋት። ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠችና ተመልሳ ወጣች፤ በሩንም ዘጋችው። ከዚያ አንኳኳች። በገዛ ቤቷ በር ላይ ቆማ አንኳኳች! እስክገባ ተቀመጥ ማለቷ መሆኑ ገባኝ፣ ተቀመጥኩ። ገብታ ‹አባባ፣ እግርህ እንዴት ዋለ?› አለችኝ። ‹ያው ነው› አልኳት።»

እህቴ፣ የጧቱ ድንጋጤዬ ለካ ማሟሻ ነበር።

ቀጠለልኝ። «የዚያን ዕለት ማታ ቀያሹ መልሱን ሊሰማ መጣ። ‹አባቴ በእግሩ ይቁምና› አለችው። እኔ እዚያው ወንበሩ ላይ ነኝ። ሲሄድ ውሃ አምጪልኝ አልኳት፤ ብርጭቆውን ሰጥታኝ እጄን ጨበጥ አደረገችው። ከዚያ በኋላ ከወንበሩ ተነስቼ አላውቅም፣ እሷ ሥራ ስትሄድ ካልሆነ በቀር።»

ለምን ብዬ ጠየቅኩት። «እሷን ጠይቃት» አለኝ። አንተስ አልጠየቅካትም ወይ ስለው «እሷስ እኔን ጠይቃኛለች?» አለ። ቀያሹ ምን ጎደለው ብዬ ተቆጣሁ። አይጠጣም፣ አይሳደብም፣ ሻይ ሲቀዳ እንኳ ብርጭቆው እኩል መቀመጡን ጎንበስ ብሎ ያያል። አባባ «ምንም አልጎደለውም» አለኝ። «ችግሩም ይኸው ነው። የሚነቀፍ ነገር ቢኖረው በዚያ ታመካኝ ነበር። ደግሞ ወንድሟ በመጣ በሄደ ቁጥር ስሙን እያነሳ፣ የሠርግ ንግግር ጽፎ፣ ለእኔ በየማታው እያነበበልኝ…» ብሎ ተወው። ይህን የምታምኚኝ አይመስለኝም፣ ግን እውነት ነው፤ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ዝም አልኩ። አባባ ራሱ ደንግጦ ግንባሬን ዳሰሰኝ።

ሐሙስ ቤት የሚገባው በእግሩ ነው። የወሰነው እሱ ነው። «አገር ያየው ሩጫ በሩ ላይ ተለጥፎ እያለ እኔ ብቀመጥ የሚስቁት በእሷ ነው» አለኝ። ከዚያ ደግሞ መስኮቱን እያየ «ዳነ ብሎ ማንም ሂጂ እንዳይላት። መቆም ብችልም ሻይ ማፍላት አልችልም፣ ይኼን ጻፍላት» አለኝ። ጽፌልሻለሁ። ቆየት ብሎም «ከፈለገች ግን መልመድ አያቅተኝም፣ ይኼንንም ጻፍ» አለ። እሱንም ጽፌያለሁ።

እንግዲህ በሩ ሲከፈት አባባ ይገባል፣ ቀያሹ ከኋላው ይገባል። ሰውየው አባባ መቆሙን ሲያይ ፊቱ እንዴት እንደሚበራ ከአሁኑ ይታየኛል። ምን እንደምትዪው አላውቅም። እሺም ይሁን እንቢ፣ ከአንቺ አፍ ይስማው። እኔ ቀድሜሽ አልናገርም፣ ጣልቃ አልገባም፣ አላስልም እንኳ። ይህ ለእኔ በፈላ ውሃ ውስጥ ተራ ከመጠበቅ እንደሚከብድ አንቺ ታውቂያለሽ። ያስፈልገኛል ካልሽ ግን ከጎንሽ ነኝ፤ ምንም ብትዪው።

ፈጣሪ ልብሽን ያጽናልሽ፣ የልብሽን የምትናገሪበት አፍም አይንሳሽ። ወገብሽን ይማርልሽ። የሚሰማሽ አያሳጣሽ፤ እስከ ዛሬ ያልሰማንሽንም ይቅር ይበለን።

አክባሪሽና ዛሬ ደንግጦ የዋለው
ታላቅ ወንድምሽ

እርማት፦ በዚህ ደብዳቤ ከላይ «አባታችንን ብቻውን ትተሽ መሄድ ስለማትችዪ» ተብሎ የተገለጸው፣ ጸሐፊው ባለጉዳይዋን ሳይጠይቅ በራሱ ግምት ያሰፈረው ሆኖ በመገኘቱ ከዛሬ ጀምሮ ተሰርዟል። ትክክለኛው ምክንያት በባለጉዳይዋ ቃል እስኪገለጽ ድረስ ቦታው ባዶ ሆኖ ይቆያል፤ ጸሐፊውን ጨምሮ ማንም ሰው እንዲሞላው አልተፈቀደም።