በእርስዎ በረራ ለበዙት ችግኞች

ማክሰኞ፣ ጥር አሥራ አራት። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ፀሐዩ አናት የሚበሳ። በቢሮው የነበሩት እርስዎ፣ ጸሐፊዎ፣ ሾፌርዎ፤ እኔም የሻይ ትሪ ይዤ ከበሩ አጠገብ።

ለተከበሩት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤታችን ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? የበረራው ድካም ወጣልዎ? እኔ ደህና ነኝ፤ ከግቢው በር ወዲያ ስለማልሄድ የሚያደክመኝ መንገድ የለም። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ምስጋናዬን ብቻዎን ቢሰሙት ስለሚያንስብዎ ነው።

አንደኛ፤ ከጉዞ በተመለሱ ቁጥር በግቢው ውስጥ ችግኝ ስለሚተክሉ አመሰግናለሁ። አውሮፕላኑ የተፋውን ጭስ ዛፉ ይውጠዋል ብለው አስረድተውናል፤ መልካም ሐሳብ ነው። እርስዎ ይተክላሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፤ እኔ አጠጣለሁ። እርስዎ በራቁ መጠን የእኔ ባልዲ ይከብዳል።

ሁለተኛ፤ ምን እዋሻለሁ፣ እቀናለሁ። ፊደል የለየሁት ከዕቃ መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ነው፤ አገር ማየት ያስመኘኝ ግን ከአውሮፕላን አምጥተው ቅርጫት ውስጥ የሚጥሉት መጽሔት ነው። ሾፌርዎ እንደሚያወራው፣ ሁልጊዜ በመስኮት በኩል ተቀምጠው፣ መጋረጃውን ዘግተው እስኪያርፉ ይተኛሉ አሉ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል። እኔ ብሆን አንገቴ እስኪጣመም ደመናውን አየው ነበር። ለሚያመጡልኝ የሆቴል ሳሙናም እግዜር ይስጥልኝ፤ በእሱ ስንት አገር አሽትቻለሁ።

ሦስተኛው የዛሬው ነው። ባሕር ካለበት ከተማ ያገባችው ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ነው። እናት የለንም፤ እኔው ልሁንላት ብዬ ፈቃድ ጠየቅኩ። የምሄደውም በሕዝብ አውቶቡስ፣ ከሰው ጋር ተጣብቄ ነው። እርስዎ ሻይዎን እያማሰሉ እንዲህ አሉኝ፦ «እትዬ፣ እርስዎ ከሄዱ ችግኞቹን ማን ያጠጣል? ሰው ሁሉ ልጓዝ ካለ ምድራችን ምን ይውጣት?»

ሾፌርዎ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ጸሐፊዎ አንገቷን ደፋች፤ የሐሙሱን ትኬትዎን እያስተካከለች ነበርና። የሚበሩበት ስብሰባ ጉዞን ስለመቀነስ እንደሆነ ነገረችኝ። ይቅናዎት።

የምድርን ነገር ከእኔ በላይ ለሚያስቡት፣ ለዚህም ሲሉ ከምድር ለሚርቁት አለቃዬ፣ ከልብ ከመነጨ ቅናትና አክብሮት ጋር፤

የግቢዎ ጽዳት ሠራተኛ

ከፊርማ በኋላ፦ ረቡዕ ማለዳ ችግኞቹን ሁሉ አጠጣሁ፤ እነሱ ምን አጠፉ? ባልዲውን አጥቤ ከቢሮዎ ደጃፍ አስቀመጥኩ። ማታ ለጥበቃው በአደራ የሰጠሁትን ሻንጣዬን ተቀበልኩ። ለአውቶቡሱ ጭስ የሚሆን አንድ ችግኝ ከመስኮትዎ ሥር ተክያለሁ፤ ገና ለጋ ነውና ሐሙስም ቢሆን ውኃ ይፈልጋል። አደራ።