እሁድ በስምንት ሰዓት እንዳይነፍስ ስለታዘዘው ንፋስ

ለክቡር ኢንጂነር ተክለማርያም
የደጋው በራሪዎች የወዳጅነት ማኅበር ሊቀመንበር
ሮቤ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎን፣ የሞተርዎን፣ በተለይ ደግሞ የግራ ቁርጭምጭሚትዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሰባ ስምንት ዓመት ሙሉ በእግሬና በፈረስ ስሄድ ስለኖርኩ፣ ሰማይ ላይም ምንም ጉዳይ ስላልነበረኝ፣ አጥንቴ ሁሉ በቦታው አለ።

ስሜ ከሊል አብዲ ይባላል። እናንተ ሞተር በጀርባችሁ አዝላችሁ፣ የጨርቅ ክንፍ ከላያችሁ ዘርግታችሁ የምትነሡበትና የምታርፉበት ከጎባ በላይ ያለው ሜዳ የእኔና የወንድሞቼ የግጦሽ መሬት ነው። ፊደል አልቆጠርኩም። ትናንት ሮቤ ወርጄ ቢሮዎ ስመጣ ጸሐፊዎ ወይዘሮ ማናልበሽ ወንበር ሰጡኝ፣ ሻይ አስመጡልኝ፣ ነገሬን እስከ ግማሽ ሰሙኝ፣ ከዚያም የደህንነት ስጋት በቃል እንደማይቀበሉና በጽሑፍ ማምጣት እንዳለብኝ በትሕትና አስረዱኝ። ንፋሱ ማመልከቻ ሳያስገባ እንደሚመጣ ብነግራቸውም መመሪያው መመሪያ ነው አሉኝ። ስለዚህ በጽሑፍ ይኸው። አንድ ቅጂ ብቻ ሆኖ መሳቢያ ውስጥ እንዳይረሳብዎ ብዬ በባጃጅ ተራውም በገበያውም እንዲለጠፍ አዝዣለሁ።

የሚጽፍልኝ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ በመጻፍ የሚተዳደረው ጌታነህ ነው። ቃሉን ላለስልስልዎ ወይ ብሎ ጠይቆኝ፣ ማለስለሻውን ከራሱ እንዲጨምር፣ ነገሩን ግን እኔ እንዳልኩት እንዲተወው ነግሬዋለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚያገኙት ጨዋነት የጌታነህ ነው፤ የቀረው የእኔ።

ጉዳዬ አጭር ነው። የልጄ ልጅ ሳቢሪን በመጪው እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን እንድትበር በፕሮግራማችሁ ላይ ተጽፏል። በዚያ ሰዓት በዚያ ሜዳ ጀማሪ አይነሣም። ይህን ብዬ ጣቴን ማኖር ይበቃኝ ነበር፤ ነገር ግን ማኅበርዎ የዋለልኝን ውለታ ሳላመሰግን ብቀር ነውር ስለሚሆንብኝ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ) ንፋሱን ስላስቆሙልን አመሰግናለሁ። የንፋሱን አቅጣጫ የሚያሳየው ረጅሙ ጨርቅ ድሮ ጉብታው ላይ ነበር የተሰቀለው፤ እንጨቱን ቆርጬ የተከልኩላችሁም እኔ ነኝ። የማኅበሩ ቤት ተሠርቶ ሲመረቅ ግን ፎቶ ላይ እንዲገባ ተብሎ ወደ ቤቱ ደጃፍ ተዛወረ። እዚያ ከኋላው ግድግዳ አለ፣ ከጎኑ የባሕር ዛፍ ረድፍ አለ። ከሳነቴ አምባ የሚወርደው ንፋስ የፈረስ ጭራ ወደ ጎን ሲያስተኛ ጨርቃችሁ ገመድ ላይ እንደተረሳ ሱሪ ዝም ብሎ ይንጠለጠላል፤ በራሪዎችዎም እሱን አይተው ጸጥ ብሏል ይላሉ። ግራ ቢገባኝ ጉብታው ላይ እርጥብ ገለባ እያጨስኩ የንፋሱን መንገድ ሳሳያችሁ ሰነበትኩ። ምላሹ የአየር ክልሉን በጭስ አውከዋል የሚል ባለ ማኅተም ማስጠንቀቂያ ሆነ። በቀበሌያችን የአየር ክልል ያወከ የመጀመሪያው ገበሬ እኔ በመሆኔ የተሰማኝን ኩራት ጌታነህ በቃል ሊገልጸው አልቻለም።

፪ኛ) ስለ መዝገባችሁ ንጽሕና። ሳቢሪን እንዳስረዳችኝ ማኅበሩ አንድ ደብተር አለው፤ በበረራ ላይ የተሳሳተ ሰው ስሕተቱን ይጽፍበታል፣ አይቀጣም፣ ስሙም አይጠራም፣ ሌላው አንብቦ ይጠነቀቃል። ይህን ስሰማ እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ፤ ከእኛ ሕግ ጋር አንድ መሰለኝ። በወጣትነታችን በዚሁ ሜዳ ላይ ፈረስ ስንጋልብ የፍልፈል ጉድጓድ ያሰናከለው ሰው አቧራውን ሳያራግፍ ጉድጓዱ ያለበትን ቦታ ጮኾ ይናገር ነበር። መውደቅ አያሳፍርም። ጉድጓዱን አውቆ ዝም ያለ ሰው ግን፣ ሌላው በዚያው ከወደቀ፣ የወደቀው እስኪድን ድረስ ማሳውን ያርስለታል፣ ከብቱን ይጠብቅለታል። ሕጋችን ይህ ነው።

የእናንተ ደብተር ከተከፈተ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ገጹ ሁሉ «በሰላም ተጠናቋል» የሚል ነው አሉ። ባለፈው ጥር ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ንፋሱን ከኋላዎ አድርገው ሲያርፉ ሜዳው አልበቃዎት ብሎ የጎረቤቴ የገብስ ክምር ውስጥ መግባትዎን ስድስት በራሪዎችና እኔ አይተናል። ማሰሪያዎን የፈታሁት እኔ ነኝ፤ ገለባውን ከጆሮዎ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ግን የማኅበሩን ቤት ደረጃ ሲወርዱ አዳልጦዎት ቁርጭምጭሚትዎ እንደዞረ ተናገሩ። የማኅበሩ ቤት ደረጃ የለውም። ስድስቱም በራሪዎች ቤቱን ያውቁታል፤ ስድስቱም ራሳቸውን ነቅንቀው እግዜር ይማርዎ አሉ፤ ትልቅ ሰውን በጉባኤ ፊት ማረም ነውር ነውና። ይህን ነውር እኔም አከብራለሁ። እስከ መጋቢት ድረስ አክብሬዋለሁ።

በመጋቢት ሳላሀዲን መጣ። የጊኒር ልጅ ነው፣ አባቱ አራሽ ናቸው፣ ለማኅበሩ አዲስ ነበር። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ንፋስ፣ እርስዎ በወረዱበት በኩል ወረደ። ክምሩ ያኔ ተወቅቶ አልቆ ስለነበር የተቀበለው ድንጋይ ነው፤ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። በፈረስ ጋሪ እስከ አስፋልቱ ስናወርደው እጄን ይዞ «አባባ፣ ከእኔ በፊት እዚህ የወደቀ ሰው አለ?» አለኝ።

«የለም» አልኩት።

እርስዎን ለመሸፈን ብዬ ነው። ጌታነህ እዚህ ላይ ብዕሩን አንሥቶ ይህ ይቅር ቢለኝ ጻፈው አልኩት። ወላሂ፣ በዕድሜዬ ከተናገርኩት ቃል ሁሉ እሱን አንዱን መልሼ መዋጥ ብችል ደስ ባለኝ። በሕጋችን ዝም ያልኩ ሰው ነኝና የበልጉን እርሻ የሚያርሱ ሁለት በሬዎቼን ወደ ጊኒር ልኬ ነበር። የእርስዎ በሬዎች መንገድ ላይ ይኖሩ ይሆን ብዬ ብጠብቅም እስከ ዛሬ አልደረሱም።

፫ኛ) ስለ እሁዱ ፕሮግራም። ከአዲስ አበባ የተጋበዙት የክብር እንግዳ ረፋድ ላይ ይደርሳሉ፣ ንግግር ይደረጋል፣ ምሳ ይበላል፣ ከምሳ በኋላ ሳቢሪን ትበራለች። እሷ ከአንድ ቀን በቀር እስካሁን የበረረችው ከጠዋቱ አንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ያውም ከአሠልጣኟ ከዘይነዲን ጋር በአንድ ክንፍ ሁለት ሆነው። ከስድስት ሰዓት በኋላ ከሳነቴ የሚወርደውን ንፋስ አታውቀውም፤ እሱም አያውቃትም።

ባለፈው ማክሰኞ ለልምምድ ተብሎ ሁለቱ በስድስት ሰዓት ተነሡ። ሜዳው ዳር ቆሜ ሳይ ከባሕር ዛፉ በላይ ሲደርሱ የክንፉ ግራ ጎን እጥፍ አለ። ሁለቱም ወደ ጎን ወደቁ። ከዚያ ክንፉ ተመልሶ ተከፈተ። አንድ ጊዜ ቢስሚላህ እስክል ነው። ስታርፍ ሰው ፊት ሳቀች። ቤት ስንገባ ግን የውኃውን ኩባያ በሁለት እጇ ነው የያዘችው። ዘይነዲን እኔን ለብቻዬ ወስዶ እሱም መደንገጡን ነገረኝ፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ እርስዎን ስለሚያከብር ደግሞ ልምምዱ የተሳካ ነበር በሚለው ወረቀት ላይ ፈረመ። እኔስ ምን ልፍረድበት፤ እኔም ጋሪው ላይ ፈርሜያለሁ።

እሷን እምቢ በይ ብላት፣ እኔን አያቷን በምትጠራበት ስም «አካኮ፣ ፎቶዬ እኮ ባነሩ ላይ ታትሟል፤ አሁን እምቢ ብል ምን ይሉኛል?» አለችኝ። ክቡር ሊቀመንበር፣ ከሳነቴ ንፋስ ይልቅ ያስፈራኝ ይህ ነው። ንፋሱ ሰዓት አለው፤ እስከ ረፋድ ይታገሣል። ይሉኝታ ግን ጠዋትም ማታም ይነፍሳል፣ አቅጣጫውን የሚያሳይ ጨርቅም የለውም።

እንግዲህ በትሕትና የምለምነው ይህን ነው። እሁድ በጠዋቱ በአንድ ሰዓት ትብረር። የክብር እንግዳው ዋዜማውን መጥተው ይደሩና ማልደው ይነሡ፤ ገበሬ ሁሉ በዚያ ሰዓት ይነሣል፣ በዚህ ምክንያት የሞተ ሰው አልሰማሁም። ጨርቁ ወደ ጉብታው ይመለስ፤ እንጨቱን ዛሬም እቆርጣለሁ። በጥር ወር የሆነውንም ነገር በደብተሩ ላይ በእጅዎ ይጻፉት፤ እርስዎ እንደ እኔ አይደሉም፣ ፊደል ቆጥረዋል።

ይህ የማይሆን ከሆነ፣ ሜዳውን የሰጠናችሁ በቃል መሆኑን፣ ቃል ደግሞ በቢሮዎ ተቀባይነት እንደሌለው ወይዘሮ ማናልበሽ ማስረዳታቸውን በአክብሮት አስታውሳለሁ። ስለዚህ እሁድ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ አርባ ሰባት ከብትና አሥራ አንድ ፈረስ ሜዳው ላይ ይሰማራሉ። ለእንግዳው ባህላዊ ትርኢት ነው ብለው ቢያስተዋውቁት አልቃወምም። የማኅበሩን መለያ ልብስ ይልበሱ ካላችሁኝ ግን ፈረሶቹን አላስገድድም።

ክምሩ ውስጥ ባገኘሁዎት ዕለት ከነበረኝ አክብሮት ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ለማኅበርዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለአባላቱ ሙሉ አካል እየተመኘሁ፣

ከሊል አብዲ
(የአውራ ጣት አሻራ)

ግልባጭ፦
ለሳላሀዲን፣ ጊኒር፤ ለጥያቄው ትክክለኛ መልስ ይሆነው ዘንድ፣ ከይቅርታ ጋር
ለአሠልጣኝ ዘይነዲን፤ ለብቻዬ የነገረኝን ለሁሉ እንዲናገር
ለወይዘሮ ማናልበሽ፤ ስለ ሻዩ ከምስጋና ጋር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጣቴን ካኖርኩ በኋላ ሳቢሪን ከሥራ ስትመለስ እዚሁ ጌታነህ ጠረጴዛ አጠገብ አገኘችን። ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ተቆጣች ብዬ ምርኩዜን አነሣሁ፤ እሷ ግን የጌታነህን ብዕር ወስዳ ራሷ ጻፈችበት። እንዲህ ይላል ብሎ ጌታነህ አነበበልኝ፦ «እኔ ሳቢሪን እሁድ በስምንት ሰዓት አልበርም። በጠዋቱ በአንድ ሰዓት ዝግጁ ነኝ። ማክሰኞ ክንፉ ታጥፎብን ነበር፤ ፈርቼ ነበር።» ከእንግዲህ ለእሷ ሲባል ከብት መንዳት አያስፈልግም። ሆኖም እሁድ ከብቶቹ አይቀሩም፤ የክብር እንግዳው ባዶ ሰማይ አይተው እንዳይመለሱ በማለት እርስዎ ራስዎ በስምንት ሰዓት ይነሡ ይሆናል ብዬ ስለምሰጋ ነው። የልጅ ልጄን ለማዳን የተነዳ ከብት አንድ ሊቀመንበር ቢጨመርለት አይከብደውም።