ለሰሚራ ሠርግ የተላጡት አስታዎች

ሐሙስ
ተላጠዋል። ሰው እጁ እስከደረሰበት ድረስ የአስታዎቹ ግንድ ራቁቱን ቀርቷል። ከሊማሊሞ በላይ ባለው ጫካ በሽቦ ቁጥር ካንጠለጠልኩባቸው ዛፎች የዳኑት ሁለት ናቸው። አምስት ዓመት በየወሩ እየወጣሁ የለካሁት፣ ዛፉ ላይ እንደ ጢም የሚንጠለጠለው ሽበት! (መጽሐፉ ሳረንስት ይለዋል፤ ተማሪዎቼ ሁለቱንም አያስታውሱም።) ጉሙ ሲሳሳ፣ ዝናቡ ሲዘገይ እንኳ ተቋቁሞት ነበር።

የደኑ ጠባቂ ጋሼ ደምሌ “በጆንያ ጭነው ሄዱ” አሉኝ። “‘የመምህርት ሰዎች ነን’ ብለው ነው የገቡ። አንቺ የላክሻቸው መስሎኝ ዝም አልኩ።”

ማንንም አልላክሁም።

ዓርብ
እህቴ ናት። ስለ እሑዱ ሠርጓ ልጠይቃት ዳባት ስደውል ሰሚራ ራሷ ነገረችኝ፤ ደስ ብሏት። “ዲኮር የሚሠራው ልጅ አረንጓዴ ነገር ፈለገ። የላክሽልኝን ፎቶ አሳየሁት። ስምሽን ጥራ አልኩት።”

ጮህኩባት።

“ምን ሆነሻል? ይበቅል የለ እንዴ!”

ጥፍር ታህል ለማደግ ዓመት እንደሚፈጅበት ነገርኳት። አለቀሰች። እናቴ ስልኩን ነጠቀቻት፦ “ለዛፍ ሽበት ብለሽ የእህትሽን ቀን ልታጠቁሪ ነው?”

ፎቶውን የላክሁት እኔ። ቦታውን በዝርዝር የጻፍኩላት እኔ።

ቅዳሜ
የዳባት ሚኒባስ ውስጥ። ልቀር ነበር።

እሑድ
ከሙሽሮቹ ወንበር ጀርባ ግድግዳው በሙሉ ሽበት ነው። ስለደረቀ አረንጓዴ ቀለም ረጭተውበታል። እንግዳው “ማሻአላህ” እያለ ፎቶ ይነሣል። ከሰሚራ ትከሻ በላይ የራሴን ሽቦ አየሁ፣ ከነቁጥሩ። ሰባት።

ሳቅሁ። ፎቶ ተነሣሁ። ሰሚራ እጄን ይዛ አልለቅ አለች። ልጠላት ፈልጌ አቃተኝ።

ሰኞ
አዳራሹ ሲጠረግ ደረስኩ። አብዛኛው ቀለም ጠጥቷል፤ የተረፈው አንድ ጆንያ አልሞላም። ውሃ ስረጭበት ጥቂቱ ወዲያው ለመለመ። ድኗል ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ደስ አለኝ።

ማክሰኞ
ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ጆንያውን ይዤ ወጣሁ፤ ከግንዶቹ ላይ መልሼ በክር ላስረው። ጋሼ ደምሌ መንገድ ላይ አቆሙኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የእህቴንም።

“ከእንግዲህ ማንም አይገባም” አሉ።

“እኔስ?”

“አንቺም፣ ልጄ። ባንቺ ስም ነው የተገባ።”

አምስት ዓመት እኮ ነው፣ አልኳቸው።  ጆንያውንና ክሩን ተቀበሉኝ፤ አስተሳሰሩን አሳየኋቸው፤ ብቻቸውን ገቡ። መንገድ ዳር ተቀምጬ ጠበቅሁ። ሲመለሱ ጆንያው ባዶ ነው።

“አስሬዋለሁ። መያዙን እንጃ።”

እኔም እንጃ። ሄጄ አላየው ነገር። ግን በሳቸው ቦታ ብሆን እኔም ራሴን አላስገባም ነበር።